በረንዳ የወጣው ኮምፒውተር

ትዕግሥቱን መለካት የሚፈልግ ሰው አማት ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ አያስፈልገውም። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ያቺን ከግራ ወደ ቀኝ የምትሞላ ሰማያዊ መስመር ይጠብቅ። አሥራ ሁለት ፐርሰንት ትላለች። ወጥታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ከሰው ተጣልታችሁ፣ በሽማግሌ ታርቃችሁ ስትመለሱ አሥራ ሦስት ትላለች። እኔ በዚህች መስመር ምክንያት አንድ ቀን ጸጉሬ ሊሸብት ምንም አልቀረውም ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም ሸብቷል፤ ባለቤቴ ግን “ድሮም ነበረ” ትላለች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት የፎቶና የቪዲዮ ቤት ነበረችኝ። ቤት ስላት ራሷ ታፍራለች፤ ከሦስት ሰው በላይ ከገባ አንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ያለኝ ንብረት አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበር፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃና አንድ ኮምፒውተር ነበር። ዘመኑ ካሴት አልወጣም፣ ሲዲ ልግባ እያሉ በር ላይ የሚጋፉበት ነው። ያ ኮምፒውተር በሬ ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ “ኧረ ይህን እንስሳ ፍታው” ብሎ ይለምነኝ ነበር። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ መዝሙር ይገለበጥበታል፣ የመታወቂያ ፎቶ ይስተካከልበታል፣ ደንበኛ ሲጠፋ ካርታ እጫወትበታለሁ። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ሰርግ አቀናብርበታለሁ።

በሰርግ ማቀናበር ነገር ትሕትና አላውቅም ነበር። ሙሽሮቹን ጽጌረዳ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ከሚዜዎቹ ትከሻ ላይ ርግብ አስነሳለሁ። ማርቆስ ላይ የተሰረገ ሰርግ ከበስተጀርባው ፏፏቴ ይወርድበታል። ልብማ አይነሳ! ትልቅ ልብ፣ ትንሽ ልብ፣ እየተሽከረከረ የሚመጣ ልብ፣ ለሁለት ተከፍሎ የሚገጥም ልብ። ሙሽራው ቢያስነጥስ ከአፍንጫው ልብ ከማስወጣት የሚመልሰኝ አልነበረም።

እንግዲህ የብርቄ ሰርግ መጣ። ብርቄ አጎቷ መሪጌታ ፈንቴ ቤት፣ ማርቆስ ተቀምጣ የተማረች ልጅ ናት። ወላጆቿ ከቁይ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ለእንግዳ ይመቻል ተብሎ ሰርጉ መሪጌታ ቤት እንዲሆን ተቆረጠ። ታዲያ ቀኑ ሲቃረብ እናቷ ወይዘሮ የሺ በረት ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርክሃ ጠፍሮ አስሮ “ከመደብ ንቅንቅ እንዳይሉ” አላቸው። የተጠራ እንግዳ አይመለስ፣ የታረደ ሰንጋ አይነሳ። ብርቄ እናቷ በሌሉበት ተዳረች።

በሰርጉ ማግስት መሪጌታ ሱቄ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ስትነጋገሩ ከተናገሩት ይልቅ ያልተናገሩት ያሰጋችኋል።

“እኅቴ ልጇን ስትዳር አላየችም” አሉኝ። “የምታሳያት አንተ ነህ። ለቅበላው ቅዳሜ ዘመድ ጎረቤቱ እዚያ ይሰበሰባል። ጄኔሬተር፣ ቴሌቪዥንና የሲዲ ማጫወቻ ከቁይ ተከራይተናል። ቅዳሜ ታደርሳለህ ወይስ አታደርስም?”

“ትንሽ ካለፈስ መሪጌታ?”

“ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። በጾም እስክስታ አይታይ። ካለፈ የሚታየው ከፋሲካ በኋላ ነው። እግሯም ልቧም የተሰበረ ሰው ፋሲካ ድረስ ጠብቂ ይባላል?”

“ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይውሰዱ” አልኩ። አፍ መቼም ዳገት አይከብደውም።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የሰርጉን ምስል ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ፣ እስቲ አንዴ ደግሜ ልየው ብዬ ካሴቱን ወደ ካሜራው ብመልሰው፣ ካሜራው ፍየል ቅጠል እንደምትግጥ ቆረጣጥሞ ጨረሰው። ስስበው አንጀት የመሰለ ጥቁር ጥብጣብ ወጣ። ስለዚህ የብርቄ ሰርግ በዚህ ምድር ላይ የቀረው በአንድ ቦታ፣ በዚያ በተንገላታ ኮምፒውተሬ ውስጥ ብቻ ነበር። ይህንን ለማንም አልተነፈስኩም።

ዓርብ ሱቄን ስዘጋ፣ ቆራርጬ ቀጣጥዬ በልብና በርግብ ያስጌጥኩትን ምስል አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን አዝዤው ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስከፍት ስክሪኑ ጨልሟል። ሳስነሳው ተነሳ። ጥሬው ምስል አለ። ፊልሙ የለም። መሃል ላይ ጠፍቶ ኖሯል። እንደገና ከዜሮ አስጀመርኩትና ላቤን ስጠርግ በሩ ጨለመ። መሪጌታና የብርቄ አባት አቶ ይርዳው ገቡ።

አቶ ይርዳው ገና ከቁይ መምጣታቸው ነው። የተከራዩት ፒክአፕ ስምንት ሰዓት ላይ ይዟቸው ይመለሳል። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቸኛዋ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

“ደረሰልን?”

“ይኸው በመውጣት ላይ ነው ጋሼ። ይህቺ መስመር ስትሞላ አለቀ ማለት ነው።”

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። “ቆማለች።”

“አልቆመችም፣ እየሄደች ነው።”

“በሬም እንዲህ ነው የሚሄድልኝ፣ ሲያርፍ” አሉ።

ሦስታችንም መስመሯን ስናይ ረፈደ። ሠላሳን አለፈች። እኔም ጭንቀቴ ቀለል ሲለኝ ዘፈን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም አለ። ሲያጓራ የነበረው ማራገቢያም ጸጥ አለ።

አቶ ይርዳው ቀና አሉ። “ደረሰች?”

የኮምፒውተሩን ሳጥን በእጄ ነካ ሳደርገው፣ ድስት የነካሁ መስሎኝ እጄን መነጨቅሁት። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል አንጎል አላቸው። ሥራ ሲበዛበት ይግላል፤ ግለቱ ልክ ሲያልፍ ከምቃጠል ልጥፋ ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል። አእምሮ ያለው ሰው እንኳ ይህን ውሳኔ በጊዜው አይወስድም።

“ምን ምን እያሠራኸው ነበር?” አሉ መሪጌታ።

“ሰርጉን ብቻ ነው” አልኩ። ሳስነሳው ግን ጉዴ አንድ በአንድ ተዘረዘረ። ዘፈኑ አለ። የቫይረስ ማጽጃው በራሱ ጊዜ ተነስቶ ጓዳ ጎድጓዳውን ይፈትሻል። የጀመርኩት ካርታ ጨዋታ ከታች ተቀምጧል። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ማመልከቻ ለመታተም ተሰልፏል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሰው ካልነካው ስክሪኑ ላይ የሚዋኙ ቀለም ቀለም ያላቸው ዓሦች ጭኜበታለሁ፤ ደንበኛ ይስባሉ ብዬ።

መሪጌታ ዓሦቹን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔ አንድ ጊዜ አንድ ዲያቆን አውቅ ነበር። ይቀድሳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ደወል ይደውላል፣ የደብሩን ከብት ይጠብቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ቅዳሴ መሃል ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ሰው ሁሉ እሱን ተቆጣ። እኔ ግን አለቃውን ነው የተቆጣሁ።”

አለቃው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ዘፈኑን ዘጋሁ፣ ማጽጃውን አስቆምኩ፣ ካርታውን በተነሁ፣ ዓሦቹን ከባሕራቸው አወጣሁ። ቀጥዬ የሳጥኑን ብሎን ፈትቼ ሆዱን ስከፍተው፣ ማራገቢያው ላይ የተከመረው አቧራ ተፈትሎ ቢሸመን ለአንድ ሰው ነጠላ ይወጣዋል። እፍ አልኩበት። አቧራው በደስታ ወጣና ፊቴ ላይ ሰፈረ። አቶ ይርዳው እኔን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝ፤ ፊቴን እንድጠርግ ይሁን ሳጥኑን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንደገና ከዜሮ ጀመርን። አሁንም ሳጥኑ መጋል ሲጀምር አቶ ይርዳው ተነሱ። “ይህን ሁሉ ብርድ እግዜር ሰጥቶን ሳለ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያፍነዋል? ወደ ውጭ ይውጣ!”

መቼም የማርቆስን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ገመዱን በመስኮት ስቤ፣ ሆዱ እንደተከፈተ በረንዳ ላይ አወጣነው። እንደገና ከዜሮ አስጀመርኩት፤ ንፋሱ በውስጡ አለፈ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ሳጥኑ እንደ ሰው እፎይ ሲል ሰማሁት። የሚያልፈው ሰው ደግሞ ይቆማል። አንዲት ሴት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው “ሞቶ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“የለም፣ ንፋስ እየተቀበለ ነው” አሉ መሪጌታ።

“እግዜር ይማረው” ብለው አለፉ።

መስመሯ ሃያን፣ ሠላሳን፣ አርባን ተሻገረች። ዓይናችንን ሳንነቅል ሃምሳን አለፈች። ልክ “ተመስገን” ልል አፌን ስከፍት፣ ከማዶ ያለው ብየዳ ቤት ብልጭ አለ።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሽባባው ይባላል፤ ግዙፍ የብረት በር በረንዳው ላይ ዘርግቶ ሥራ መጀመሩ ነው። እሱና እኔ በአንድ መስመር ነው መብራት የምንጠጣው። እሱ እሳቱን ሲያስነሳ እኔ ዘንድ መብራቱ ይደክማል፤ ሲያቆም መብራቱ ተመልሶ ይደነብራል። ለዚህ ነው ስታብላይዘር የሚባለውን ሳጥን የገዛሁት። የደከመውን መብራት ያበረታል፣ የደነበረውን ያረጋጋል፣ በየመሃሉ ቀጭ ይላል። በዚያ ሰዓት ግን ጠላት እንደከበበው ዘበኛ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ አለና ጧ! ሁሉም ነገር ጠፋ። የተቃጠለ ሽታ አፍንጫችን ድረስ መጣ።

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

“ምን ሆነ?” አሉ አቶ ይርዳው።

“አላውቅም ጋሼ። ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ እንደሆነ...”

“ቢቃጠልስ፣ ካሴቱ አለ አይደለም?”

የሰው ልጅ መዋሸት የሚያምረው እንዲህ ያለ ሰዓት ነው። መሪጌታ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር።

“ካሴቱን ካሜራው በልቶታል” አልኩ። “ያለው እዚህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።”

አቶ ይርዳው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ወደ ተከፈተው ሳጥን ውስጥ ተመለከቱ፤ ሽቦውን፣ አረንጓዴውን ሰሌዳ፣ ቀጥ ያለውን ማራገቢያ አዩ።

“እንግዲያ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ልጄ የተዳረችው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነዋ።” ከሳጥኑ ቀና ብለው፣ “ትናንት ማታ የሺ ጸጉሬን ሥሩኝ ብላ ጎረቤት አስጠርታ ነበር። ፊልም ለማየት ምን ጸጉር ያሠራል ስላት፣ ሰርግ አይደለም ወይ የምሄደው አለችኝ” አሉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስታብላይዘሩን ፈታሁት። ውስጡ ፊውዝ የምትባል ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ አለች፤ በውስጧ ፀጉር የምታክል ሽቦ ተዘርግታለች። ኃይል ሲበዛ መጀመሪያ የምትበጠሰው እሷ ናት። እሷ ስትበጠስ መንገዱ ይቋረጣል፤ ከኋላዋ ያለው ዕቃ ይተርፋል። አሁንም ተበጥሳለች፣ ብርጭቆዋም ጠቁሯል። ፊውዟ በጊዜ ከሞተች ኮምፒውተሩ ተርፏል፤ ዘግይታ ከሞተች ግን ሁለቱም ሄደዋል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ሌላ ፊውዝ ሲገኝ ብቻ ነው። መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ሰርግ ሄዷል። በቅበላ ሰሞን ሱቁ ውስጥ የሚገኝ ነጋዴ ዘመድ የሌለው ብቻ ነው።

ኪሴ ውስጥ ማስቲካ ነበረችኝ። ብልጭልጭ ወረቀቷን አውጥቼ ፊውዟ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እኔም ቤቴ አድርጌያለሁ፤ ሬዲዮኔ ያረፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

“ይኼ ወረቀት ሲገባ ይሠራል?” አሉ መሪጌታ።

“ይሠራል።”

“ደግሞ ያ ሰውዬ እሳቱን ቢያስነሳ፣ ወረቀቱ ይበጠሳል?”

“አይበጠስም።”

“እና ምኑ ይበጠሳል?”

እጄ ቆመ። ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት።

ስለዚህ ወደ ሽባባው ሽምግልና ሄድን። መሪጌታ በነጭ ጋቢና በጥምጥም ከፊት፣ አቶ ይርዳው በዱላቸው ቀጥለው፣ እኔ ፊቴ በአቧራ እንደተለወሰ ከኋላ። ሽባባው በሩ ላይ ተደፍቶ ሳለ ጥላችን ሲያርፍበት ቀና አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ደንግጦ ተነሳ።

“ኧረ እኔ ሴት ልጅ የለኝም!” አለ።

“ልጅህን አይደለም” አሉ መሪጌታ። “እሳትህን ስጠን ብለን ነው።”

ነገሩን አስረዱት። ሽባባው እጁን አወናጨፈ። “መሪጌታ፣ የበሩ ባለቤት ዛሬ ከሰዓት በጋሪ ሊያስጭነው ነው! ቤቱን ያለ በር ላስድረው? የዚህ ሰውዬ ኮምፒውተር ደግሞ እኔ ሳልበይድም ይጠፋል፣ ሰፈሩ ያውቀዋል።”

ሰፈሩ ማወቁን አላወቅሁም ነበር። ልመልስለት ስል አቶ ይርዳው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌ እንዲህ ሲሆን የጎጃም ሰው መቆም አይችልም።

“ኧረ ተው አባባ! ቀና ይበሉ፣ በማርቆስ!” አለ ሽባባው የብየዳውን መያዣ አስቀምጦ። “እናቷ ጭራሽ አላዩም?”

“እግሯ ተሰብሮ።”

“ያለ እናት ሰርግ?” ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። “በቃ፣ እስከ መቼ ልቁም?”

“መስመሯ እስክትሞላ” አሉ አቶ ይርዳው።

ሽባባው እሳቱን ብቻ ሳይሆን ሥራ ቦታው ያለውን ሬዲዮ ፈትቶ ፊውዙን አወጣልን። መጠኑ ልክ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እያገላበጥኩ ጽሑፉን አነበብኩት። ከዚያ እሱም ሥራ ፈት ሆኖ አብሮን መጣ። አራት ሆነን ሳጥኑን ከበብን። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት መሪጌታ አማተቡ፣ አቶ ይርዳው አማተቡ፣ ሽባባውም ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። ተጫንኩት። ማራገቢያው አጓራ። ስክሪኑ በራ። ፈልጌ ፈልጌ የብርቄን ምስል አገኘሁት፣ ደኅና ነው። አቶ ይርዳው ትከሻዬን ጨበጡኝ፤ ጣታቸው እስካሁን ያለ ይመስለኛል።

ደስታችን ግን ዕድሜ አልነበረውም። መስመሯን ሳስጀምራት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ለማለቅ የሚቀረውን ጊዜ አስልቶ አሳየኝ። መኪናው ስምንት ሰዓት ይነሳል፤ ፊልሙ የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

“ምንድነው እንዲህ የሚያደክመው?” አለ ሽባባው። “ሰርጉ እንደሆነ ተነስቷል። መገልበጥ አይደለም ወይ?”

እንዲያዩት ከፈትኩላቸው። ብርቄ ጎንበስ ብላ የአጎቷን ጉልበት ስትስም፣ ከመሪጌታ ጥምጥም ላይ ቀይ ልብ እየተሽከረከረ ተነሳ። ርግቦች ተከተሉት። ፕሮሰሰሩን ያጋለው እያንዳንዱን ልብ፣ እያንዳንዱን ላባ በየቅጽበቱ እየሣለ ማስገባቱ ነበር።

“ይህ ምንድነው?” አሉ አቶ ይርዳው።

“ልብ ነው ጋሼ።”

“የማን?”

“የ... የፍቅር ነው።”

መሪጌታ ከራሳቸው ላይ የሚነሳውን ልብ ረጋ ብለው አዩ። “ልጄ” አሉኝ፣ “ልብ ያለው ሰው ልብ አያበዛም።”

ሽባባው ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞረ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ስንት ሌሊት የለፋሁበት ነው! ሆኖም ማጥፋት ጀመርኩ። ትላልቆቹ ልቦች ሄዱ። ትናንሾቹ ተከተሉ። ፏፏቴው ደረቀ። ርግቦቹን ሳጠፋ ሰብል የበሉብኝ ያህል ጨከንኩ። በመጨረሻ ብርቄ የተቀመጠችባት ጽጌረዳ ቀረች።

“እሷን እንኳ ይተዉልኝ” አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ነው የወጣው።

“እናቷ ጽጌረዳ አይታለች” አሉ አቶ ይርዳው። “ያላየችው ልጇን ነው።”

ጽጌረዳዋን አጠፋኋት። መስመሯን አስጀመርኩ። ቁልቁለት እንዳገኘ ከብት መንደርደር ጀመረች! አሥር፣ ሃያ፣ አርባ፤ ዓይናችን እያየ። ሰባ ላይ ግን ፀሐይዋ ዞራ በረንዳውን ያዘችውና የሳጥኑ ጎን እንደገና መሞቅ ጀመረ። አሁን ወደ ውስጥ ለማስገባት ማጥፋት ሊኖርብኝ ነው። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘረጉበት። ሽባባው ሮጦ የብየዳ መከለያውን አምጥቶ በጎን ያዘለት። አቶ ይርዳው ጋቢያቸውን አውልቀው ያራግቡለት ጀመር። የፒክአፑ ሾፌር መጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ቆርቆሮ ሳጥን ከበው እንደ ጳጳስ ጥላ ይዘውላት ሲያይ ጡሩምባውን ተወው።

ዘጠና። ዘጠና አምስት። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመች። በእውነት ቆመች። ከዚያ ጠፋችና “ተፈጽሟል” የሚል ነገር መጣ። ሽባባው መከለያውን ወርውሮ አቅፎኝ አነሳኝ። ሲዲው ላይ እስኪጻፍ ግን ማንም እንዲረግጥ፣ እንዲስል አልፈቀድኩም። ሲወጣ በሁለት እጄ እንደ ጽዋ ይዤ ወደ መኪናው ስሄድ አቶ ይርዳው ክንዴን ያዙ።

“አንተም ትመጣለህ። እዚያ እንቢ ቢል ማን ያናግረዋል?”

ስታብላይዘሬን ይዤ ከመሪጌታ ጎን ተሳፈርኩ። የቁይ መንገድ ጠጠር ሁሉ በወገቤ አለፈ፤ ሲዲው ግን ደረቴ ላይ ጋቢ ውስጥ ነበር።

ስንደርስ ገና አልመሸም። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ወይዘሮ የሺ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በቀርክሃ የታሰረ እግራቸውን ዘርግተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊታቸው ነው። ባለጄኔሬተሩ ገመዱን ሳበ። አምፖሉ መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ከዚያ ቦግ፣ ከዚያ እንደ መብረቅ ነጭ ሆነና ፈነዳ! እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፤ ሰው ጭን ላይ ረግጬ ደርሼ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀልኩ። ስታብላይዘሬን መሃል አስገባሁት። ቀጭ አለ፤ ጠበቅሁ። ቀጭ አለ፤ ጠበቅሁ። ጄኔሬተሩ ድምፁ እኩል እስኪሆን ድረስ ሰውን ሁሉ አስቁሜ፣ ሲረጋ ቴሌቪዥኑንና ማጫወቻውን ሰካሁ።

ሰርጉ ጀመረ። ልብ የለ፣ ርግብ የለ። ብርቄ ብቻ። ወይዘሮ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያያሉ። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ሰው እልል ሲል፣ ብርቄ ካሜራውን አላየችም፣ ሙሽራውንም አላየችም። ዓይኗ ሰው መሃል ይዞራል። በር በሩን ያያል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል።

“ማንን ነው የምትፈልገው?” አለች አንዷ ጎረቤት።

“እኔን ነው” አሉ ወይዘሮ የሺ።

እዚያ ቦታ ላይ ትልቁን ልብ አስቀምጬ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ፊልሙ ላይ የሰርጉ ምሳ ሲመጣ ግን ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። “ኧረ ለዚያ ሽማግሌ ጨምሩለት፣ ጎድሎበታል!” ይላሉ ለቴሌቪዥኑ። “የሙሽራው አጎት ደኅና በላ። ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው የማትበላው?” ቤቱ በሳቅ ሞላ። እስክስታው መጣ፣ አለፈ፤ ሰርጉ አለቀ። እልልታው ጣራውን አነሳው። ሰው ይሳሳማል፣ አቶ ይርዳው ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም የምገባበት ጥግ ስፈልግ ወይዘሮ የሺ በጣታቸው ጠሩኝ።

“አንተ ነህ ያነሳኸው?”

“አዎ እማማ።”

“ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነበርክ?”

“ነበርኩ።”

“እኔ ሁሉን ሰው አየሁ። ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ አየሁ። አንተ ስትበላ አላየሁም።”

“ካሜራውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው እማማ፣ አልታይም።”

“መታየትህን አልጠየቅሁህም። በላህ ወይ?”

ዞር ብዬ መሪጌታን አየሁ። መሪጌታ ጣራውን ያያሉ። አቶ ይርዳው መሪጌታን ያያሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ሰው ሲበላ ሳነሳ ነው የዋልኩት፤ ና ብላ ያለኝም አልነበረም።

“አልበላሁም” አልኩ።

“እመቤቴ ድረሺ!” አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ። “እንዲህም አድርጋችሁ ደግሳችኋል? ውሃ አምጡለት፣ እጁን ይታጠብ! ሥጋው ይቅረብ!”

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ውሃ መጣ፣ ትሪው ፊታቸው ተቀመጠ። እጃቸውን ታጥበው ሁለት እጅ የሚሞላ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወደ እኔ ለመድረስ ቀና ሲሉ፣ የታሰረው እግራቸው እንዳይነቃነቅ፣ መደቡ ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩላቸው።